ድካሙ የማን ነው?

ስለ ድባቴ የሚጠይቅ አጭር ቅጽ አለ። ፒኤችኪው-9 ይሉታል። ዘጠኝ ጥያቄዎች ብቻ ናቸው፤ ላለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍሽ እንዴት ነበር፣ ጉልበትሽስ፣ የምግብ ፍላጎትሽስ፣ ሐሳብሽን መሰብሰብ አቅቶሻል ወይ እያለ ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፣ ድምሩ ከ27 ይያዛል። 10 እና ከዚያ በላይ የመጣለት ሰው ባለሙያ በደንብ ሊያየው ይገባል ማለት ነው። ቅጹ በአማርኛም አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በታካሚዎች ላይ ተሞክሮ ይሠራል ተብሎለታል።

እኔ ሩማቶይድ አርትራይተስ አለብኝ። ሥራዬ ደግሞ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ ስለዚህ አንድ ቅጽ እጄ ሲገባ ከመሙላቴ በፊት የት ጋ ሊሳሳት እንደሚችል መፈለግ ይቀናኛል። ይሄኛው የሚሳሳትበት ቦታ ሩቅ አይደለም። ከዘጠኙ አምስቱ አካል ላይ የሚታዩ ነገሮችን ነው የሚጠይቁት፦ እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት፣ ትኩረት፣ የእንቅስቃሴ መዘግየት። የመገጣጠሚያ ብግነት ያለበት ሰው ሌሊት ትከሻው ይቀሰቅሰዋል። ጠዋት ደክሞት ይነሳል። መድኃኒቱ ያቅለሸልሸዋል። የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ ሲታገል ላየው ሰው ቀርፋፋ ነው። ለነዚህ ለአምስቱ ሁለት ሁለት ቢሰጥ 10 መጣ። አንድም ቀን ሳያዝን፣ ተስፋ ሳይቆርጥ፣ ቅጹ ድባቴ ሳይኖርብህ አይቀርም ይለዋል።

የተገላቢጦሹ ግን የባሰ ነው። ሐኪሙም፣ ቤተሰቡም፣ ታማሚው ራሱም ድካሙን ያይና «በሽታው ነዋ» ይላል። እውነትም በሽታ አለ፣ በምርመራ ተረጋግጧል፣ ወረቀት አለው። ድባቴው ከዚያ ወረቀት ጀርባ ገብቶ ይተኛል፤ የሚፈልገው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ሥራ 72 ጥናቶችን ሰብስቦ፣ በድምሩ 13,189 ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባቸውን ሰዎች ተመልክቷል። በዚሁ ቅጽ ሲለኩ 38.8 በመቶው ከመስመሩ በላይ ሆኑ። ከባድ ድባቴ አለባቸው ተብለው በምርመራ የተለዩት ግን 16.8 በመቶ ነበሩ። ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት ነገር አንድ አይደለም፤ ቢሆንም በመካከላቸው ያለው ርቀት ጉዳዩ ምን ያህል የተደባለቀ እንደሆነ ያሳያል። ትንሹን ቁጥር ብንወስድ እንኳ ከስድስት ሰው አንዱ ነው። ቀጠሮ ቀን ከሐኪሙ ክፍል በር ላይ ያለችው አንዲት አግዳሚ ወንበር ስድስት ሰው ትይዛለች።

የራስሽ ሰውነት?

እኛ ጋ በሽታው የራሱ ስም የለውም ማለት ይቻላል። የእጄ ጣቶች ማበጥ የጀመሩት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ነው። እናቴ «ብርድ ነው» አለች። የጎረቤታችን እትዬ «ሪህ ነው፣ ሥጋ ቀንሺ» አሉ። የሄድኩበት አንድ ክሊኒክ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ወግቶ «ቁርጥማት» ብሎ ሸኘኝ። ሪህ ሌላ በሽታ ነው፤ ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠራቀም የሚመጣ። ቁርጥማት ደግሞ ስሜት እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ትክክለኛውን ስም ያገኘሁት ከብዙ ወራት በኋላ፣ ደሜ ተመርምሮ ነው።

እናቴን ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። በሽታ የሚከላከልልን የሰውነታችን ክፍል የራሱን መገጣጠሚያ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃል፣ ተላላፊ አይደለም፣ እስካሁን ነቅሎ የሚያድነው መድኃኒት የለም፣ ግን ማስታገሥ ይቻላል አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፦

«የራስሽ ሰውነት? ምን አድርገሽው?» አለች።

ቀልዷን አይደለም፤ ደንግጣ ነው። ግን ጥያቄው አብሮኝ ኖረ። የካንሰር ታማሚ ሰውነቱን ጠላት ወረረው ይባላል። የወባ ታማሚ ትንኝ ነከሰችው። ኦቶኢሚዩን በሽታ ያለበት ሰው ግን የሚያመካኝበት ውጫዊ ነገር የለውም። ከቅጹ ዘጠኝ ጥያቄዎች አንዱ ስለ ራስ መጥፎ ስለማሰብ፣ ለራስ እንደ ውድቀት ስለመታየት ነው። እንዲህ ያለ በሽታ ለዚህ ጥያቄ አፈሩን አስቀድሞ ያለሰልሳል።

የሕይወት ጥራት ስንል

«የሕይወት ጥራት» የሚባል ነገር በሕክምና ምርምር ይለካል። የዓለም ጤና ድርጅት ሲተረጉመው፣ ሰው ከሚኖርበት ባህልና ከሚጠብቀው ነገር አንጻር የራሱን ኑሮ እንዴት ያየዋል የሚለው ላይ ያተኩራል። «ባህል» የሚለው ቃል እዚያ መግባቱ ጥሩ ነው፤ መጠይቆቹ ደረጃ መውጣትና የገበያ ዕቃ መሸከም ላይ ሲጠይቁ እኔ የምኖረው ሕይወት ውስጥ እጅ ምን ምን እንደሚሠራ አያውቁም።

እኛ በእጅ ነው የምንበላው። እንጀራ ለመቁረስ ሦስት ጣት ያስፈልጋል፤ ለመጉረስ ያንሳል እንጂ ለማጉረስ ደግሞ ጥሩ እጅ ይጠይቃል። ሙሉ ጀበና ማንሳት ከባድ ነው፤ ቡና ማፍላት የምወደው ሥራ ነበር፣ አሁን እህቴ ትቀዳለች፣ እኔ ቁጭ እላለሁ። ሰላምታችን በእጅ ነው፣ ያውም ጨበጥ፣ ጠበቅ አድርጎ። ባበጠ እጅ ላይ የአንድ ደስተኛ አጎት ጨበጣ ምን እንደሚያደርግ የቀመሰው ያውቀዋል። ስለዚህ እጄ እርጥብ እንደሆነ ሰው አንጓዬን እዘረጋለሁ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ውኃ የሚጠፋበት ሳምንት ጀሪካን አለ።

እነዚህ እያንዳንዳቸው ትንሽ ናቸው። ሲደመሩ ግን አንድ ነገር ይሆናሉ፤ ሰው መሆንን የምናሳይባቸው ነገሮች፣ ማስተናገድ፣ ማጉረስ፣ መጨበጥ፣ መቅዳት፣ ሁሉም ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ሰው ይዛወራሉ። አንቺ «አረፍ በይ» ትባያለሽ። በፍቅር ነው የሚባለው። ዓመት ሙሉ አረፍ በይ የተባለ ሰው ግን እንግዳ ይመስላል፣ በገዛ ቤቱ።

እጄ ተሻለው

ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ተጀመረልኝ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው፤ በየቀኑ መውሰድ አደገኛ ነው፣ አብሮት ፎሊክ አሲድ ይሰጣል፣ ጉበትና ደም በየጊዜው ይመረመራል። እስኪሠራ ሳምንታት ስለሚፈጅ ለጊዜው ፕሬድኒሶሎን ተጨመረ። ቅዳሜ ማታ እወስዳለሁ፣ እሑድ ሲያቅለሸልሸኝ ይውላል፣ ሰኞ ሥራ እገባለሁ። መድኃኒቱ ከገበያ በሚጠፋበት ወር ከተክለ ሃይማኖት እስከ ፒያሳ ፋርማሲ ለፋርማሲ መዞር አለ። ቢሆንም ሠራ። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ አልታዘዝ ይለኝ የነበረው እጄ በ15 ደቂቃ መፍታታት ጀመረ። ኪቦርድ ላይ እንደ ድሮዬ ሆንኩ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ጣቶቼ ሲመለሱ እኔ አልተመለስኩም።

ባግ ማሳደድ የምወድ ሰው ነኝ። አንድ ፕሮግራም ለምን እንደተበላሸ እስካገኘው ምሳ የሚያስረሳኝ ነገር ነበር። አሁን ስክሪኑ ተከፍቶ፣ እጄ ደህና ሆኖ፣ ስሕተቱ ፊት ለፊቴ ተጽፎ፣ ምንም አይሰማኝም። ደስ አይልም፣ አያናድድም። ጓደኞቼ ቴሌግራም ላይ ሲሳሳቁ አነባለሁ፣ አልስቅም። ሙዚቃ አልከፍትም። ያለምንም የመገጣጠሚያ ሕመም ሙሉ እሑድ ግድግዳ አያለሁ።

ለጓደኛዬ «ደብሮኛል» ብዬ ጻፍኩላት። «እኔንም! ማታ እንውጣ» አለችኝ።

አልፈርድባትም። በኛ ዕድሜ አማርኛ ታክሲ ሰልፉ ይደብራል፣ ፊልሙ ይደብራል፣ ሰኞ ይደብራል፣ ያ ልጅ ይደብራል። ቃሉ ብዙ ከመሠራቱ የተነሳ አልቋል። ባለሙያዎች «ድባቴ» የሚለውን ቃል ማዘውተራቸው ለዚህ ይመስለኛል። «ደበረኝ» የሚደብር ነገር ይፈልጋል፤ ነገሩ ሲሄድ እሱም ይሄዳል። ድባቴ ምክንያት አይጠይቅም፤ የሚደብረው ነገር ሁሉ ከተነሳ በኋላም ቁጭ ብሎ ይገኛል።

ሁለት መንገድ

ታዲያ ከየት መጣ? መልሱ ሁለት ነው፣ ሁለቱም እውነት ናቸው።

የመጀመሪያው ከደም ነው። ሰውነት ሲቆጣ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክት አድራሽ ፕሮቲኖችን ይለቃል፣ ከነሱም መካከል ቲኤንኤፍ እና ኢንተርሉኪን-6 ይገኛሉ። መልእክቱ አንጎልም ይደርሳል። ጉንፋን ሲይዛችሁ አስቡት፦ ምግብ ያስጠላል፣ ሰው ያስጠላል፣ ወደ ግድግዳ ዞሮ መተኛት ነው የሚያምረው። ይሄ አንጎል ራሱ የሚያዘው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ቤንጃሚን ሃርት የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም፣ የታመመ እንስሳ መኮራመቱና መብላት ማቆሙ ድክመት ብቻ ሳይሆን ጉልበት ቆጥቦ ኢንፌክሽኑን ለመዋጋት የሚጠቅም ባሕርይ ነው ብሎ ጻፈ። ለጉንፋን ጥሩ ዘዴ ነው፤ በሳምንቱ ያልቃል። ኦቶኢሚዩን በሽታ ላይ ግን የሚሸነፍ ቫይረስ የለም፣ ስለዚህ «ተኛ» የሚለው ትእዛዝ አይነሳም።

ይሄ ግምት ብቻ አይደለም። ድሮ ሄፓታይተስ ሲ በኢንተርፌሮን ይታከም ነበር፤ ኢንተርፌሮን ራሱ ሳይቶካይን ነው። መድኃኒቱን ከወሰዱት ብዙዎቹ፣ ከዚያ በፊት ድባቴ የማያውቁት ጭምር፣ በሕክምናው መካከል ድባቴ ያዛቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ዴንማርካውያንን የተከተለ ጥናት፣ በኦቶኢሚዩን በሽታ ሆስፒታል የታዩ ሰዎች በኋላ የስሜት መታወክ የሚገጥማቸው ዕድል በ45 በመቶ ከፍ ብሎ አገኘው። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች መድኃኒት አልሠራላቸው ላላቸው 60 የድባቴ ታማሚዎች ኢንፍሊክሲማብ ሰጥተው ሞከሩ፤ ቲኤንኤፍን የሚያግድ፣ ለኛ በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በጥቅሉ ሲታይ ከማስመሰያው መድኃኒት አልተሻለም። ከመጀመሪያውም ደማቸው ውስጥ የብግነት ምልክት ከፍ ያለባቸው ሰዎች ግን ይበልጥ ተሻላቸው። ማለትም ድባቴ ሁሉ ብግነት አይደለም፣ አንዳንዱ ግን ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከኑሮ ነው። ፕሬድኒሶሎን ፊት ያሳብጣል፤ እኔን ያላየኝ ዘመድ ሁሉ «ተስማምቶሻል! ወፈር ብለሻል!» ብሎ መረቀኝ። ምን ልበል? «አሜን» አልኩ። ሠርግ በተጠራሁ ቁጥር «ወግ ማዕረግሽን ያሳየን» የሚል ምርቃት አለ። ሜቶትሬክሴት ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ፈጽሞ አይወሰድም፤ ልጅ የምትፈልግ ሴት አስቀድማ ማቆምና ከሐኪሟ ጋር በሌላ መተካት አለባት። ይሄን ለመረቀኝ ሰው ሁሉ ማስረዳት አልችልም። ለአንድ ወጣት መልሼ መላልሼ ያስረዳሁት ግን አለ፤ ሰምቶ፣ አመስግኖ፣ ቀስ ብሎ ጠፋ። መድኃኒት አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ዘላለም የሚባል ቃል አለ። 27 ዓመት ላይ «ዕድሜ ልክ» ሲባል ብዙ ነው።

የሐኪሟ መስመር

ሐኪሞች የኛን በሽታ የሚለኩበት ዳስ-28 የሚባል ቀመር አለ። 28 መገጣጠሚያዎችን ይዳስሳሉ፣ ስንቱ እንዳበጠና ስንቱ እንዳመመ ይቆጥራሉ፣ የደም ምርመራ ይጨምራሉ። አራተኛው ግብዓት ታማሚው በአንድ መስመር ላይ ከ0 እስከ 100 «አጠቃላይ ጤናዬ እዚህ ጋ ነው» ብሎ የሚያስምረው ምልክት ነው። ውጤቱ ከ2.6 በታች ከሆነ በሽታው ተኝቷል ይባላል።

ቀመሩን አውጥቼ ሠራሁት፣ ልማድ ነው። አንድም ያበጠ፣ አንድም ያመመ መገጣጠሚያ የለም እንበል፤ የደም ማሽቆልቆል ፍጥነት፣ ኢኤስአር የሚባለው፣ 12 ነው፣ ጤነኛ ቁጥር። ታማሚዋ 10 ላይ ብታስምር ውጤቱ 1.88 ይመጣል። 70 ላይ ብታስምር 2.72። ምንም መገጣጠሚያ ሳይታመም፣ በዚያች ምልክት ብቻ በሽታው «አልተኛም»። ድምሩን ብቻ የሚያይ ሐኪም መድኃኒት ይጨምራል፤ የተጨመረው መድኃኒት ደግሞ ጉበት ይነካል፣ ዋጋ አለው፣ ለተፈለገው ነገር ግን አይደርስም።

የኔ ሐኪም ድምሩን ብቻ አላየችም። ጣቶቼን አንድ በአንድ ጨምቃ ጨረሰች፣ ወረቀቱን አየች፣ መነጽሯን አወለቀች።

«እጅሽ በጣም ጥሩ ነው። 70 ላይ አስምረሻል። ምንድን ነው?»

ውጭ ሰው ሞልቷል፣ ለአንድ ታማሚ ያላት ጊዜ አጭር ነው። የዘጠነኛውን ጥያቄ መልስ ነገርኳት። ዘጠነኛው ስለ ሞት ነው የሚጠይቀው። ራሴን ላጠፋ እያቀድኩ አልነበረም፤ ግን ማታ ስተኛ ጠዋት ባልነቃስ የሚል ሐሳብ ይመጣ ነበር፣ ሲመጣም አያስደነግጠኝም ነበር። ጮክ ብዬ ስናገረው ነው ያስደነገጠኝ። አልገሠጸችኝም፣ «እንዲህ አይባልም» አላለችኝም። «ስንት ጊዜ ሆነው?» አለችና ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም ወረቀት ጻፈች።

እናቴ ወረቀቱን ስታይ «አማኑኤል ነው?» አለች። በኛ ከተማ ያ ስም ከሆስፒታልም በላይ ነው፣ ስድብም ይሠራበታል። የተላክሁት ሌላ ቦታ ነበር፤ ቢሆንም «እሱም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው፣ እማዬ» አልኳት። ጸበል እንሂድ አለች። እሺ አልኳት። በሦስተኛው ቀን ጸበል ወሰደችኝ፣ በሳምንቱ ደግሞ ሥነ አእምሮ ሐኪሙ በር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ጠበቀችኝ። ሁለቱንም ለኔ ነው ያደረገችው።

የድባቴ መድኃኒት ተጀመረልኝ፣ የምክር ቀጠሮም ተያዘልኝ። ሐኪሙ የምወስደውን ሁሉ አስቆጠረኝ፤ አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶች ከዲክሎፌናክ ጋር ሲሆኑ ጨጓራ የማድማት ዕድላቸው ስለሚጨምር ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው ብዙ ስለሆነ ልናገረው፦ የምትውጡትን ሁሉ ለሁለቱም ሐኪሞቻችሁ ንገሩ። መድኃኒቱ በሳምንት አይሠራም፤ እኔ ላይ ከወር በላይ ፈጀ። አንድ ቀን ሥራ ላይ ባግ እያሳደድኩ ምሳ ሰዓት ማለፉን አየሁ። ተርቤ ነበር።

ዛሬ ምን አሰኘሽ?

በሽታው አለ። ክረምት ላይ ይነሳል፣ ዘንድሮም ተነስቶ ነበር። ድባቴውም ጨርሶ ሄደ ብዬ አልምልም። አሁን ግን ስልኬ ላይ በየቀኑ ሁለት ነገር እጽፋለሁ፦ እጄ ለመፍታታት ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ እና በዚያ ቀን ማድረግ የፈለግሁት አንድ ነገር ካለ። ማድረግ የቻልኩትን አይደለም፣ የፈለግሁትን። እጄ 90 ደቂቃ በፈጀበት ቀን «ቡና ማፍላት» ተብሎ ከተጻፈ ያመመኝ እጄን ነው። እጄ በ10 ደቂቃ ተፍታቶ ሁለተኛው ቦታ ለብዙ ቀን ባዶ ከሆነ ግን የምደውለው ለሌላኛው ሐኪም ነው። ድካሙ የማን እንደሆነ ሁልጊዜ ባይታወቅም፣ ከቅጹ ድምር ይልቅ ይሄ ይነግረኛል።

ይሄን የምታነቡ፣ እንዲህ ያለ በሽታ ያለባችሁ ሰዎች፣ ሉፐስም ይሁን፣ ሶሪያሲስም፣ የታይሮይድም፣ «እንዴት ነሽ» ስትባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለታችሁን አትተዉ፣ ደግ ቃል ነው። ለአንድ ሰው ግን የቀረውን ንገሩ። የዘጠነኛው ጥያቄ ሐሳብ የሚመጣባችሁ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ተናገሩ፣ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ለምትጠይቁን ሰዎች ደግሞ አዲስ ነገር መማር አያስፈልጋችሁም። «አረፍ በይ» ከምትሉ፣ በሽተኛ ጠያቂ እናቶቻችን ብርቱካን ይዘው ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው የሚጠይቁትን ጠይቁ። «ዛሬ ምን አሰኘሽ?» ይላሉ። ለምግብ ነው የሚሉት፤ ግን ከቅጹ የመጀመሪያው ጥያቄም፣ አንድ ነገር ስለማሰኘትና ስለ ማስደሰት የሚጠይቀው፣ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ጠይቁና መልሱን ጠብቁ። «ምንም» ካለቻችሁ በሌላ ቀን ተመልሳችሁ ጠይቁ። ለሳምንታት «ምንም» ካለች፣ እጇ ደህና ቢሆንም፣ ይዛችኋት ሂዱ።